የእናቴ ቀሚሶችና የክረምት ገመድ

ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ጭቃና ስለ ጎርፍ ያወራል። የልብስ ማጠቢያ መኪና በሌለበት ቤት ግን ትልቁ ወሬ ልብስ አልደርቅ ማለቱ ነው። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩ ከወሬም ያልፋል። በኛ ቤት የሶላት ጉዳይ ሆኗል።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷታል። ሐኪም አይቷት መድኃኒት ሰጥቷታል፤ ጥቂት ቢያቀልላትም ጨርሶ አልተዋትም። ወሎ ውስጥ በልጅነቷ የጀመረችውን ሶላት ሳታቋርጥ እዚህ የደረሰች ሴት ስለሆነች፣ ልብሷ ሳይጠራ አላህ ፊት መቆም አይሆንላትም። የቤት ቀሚሷ ሁለት ብቻ ነበር። ሐምሌ ላይ ዐስር ሲደርስ አንዱ ቆሽሾ ሌላው ገመድ ላይ ውሃ እንደቋጠረ ይገኛል። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዝም ትላለች። አንድ ሌሊት ደግሞ በጨለማ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ስታጥብ አገኘኋት። ልጆች እንዳያዩባት ነው። እጇ ቁርጥማት ይዞት መጭመቅ እንኳ አይችልም። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር።

የሰፈራችንን መስጂድ ኢማም ቤት ድረስ ጋበዝናቸውና ጠየቅናቸው። እሳቸውም ከእናቴ ጎን ተቀምጠው፣ እንዲህ ያለ ሕመም ዑዝር መሆኑን አስረዷት። የሶላት ወቅት ሲገባ ገላዋን ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ ታጥቃ፣ ዉዱእ አድርጋ ሳትዘገይ ትሰግዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሳትፈልግ የሚወጣው ሶላቷን አያበላሽም። ለሚቀጥለው ወቅት ደግሞ እንደገና ታጥባ ዉዱእ ታደርጋለች። እናቴ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀቻቸው። ሁለት ጊዜም ሳይሰለቹ መለሱላት። አላህ ይስጣቸው።

ሲወጡ ሳፋውን በር ላይ አይተው ለኔም አንድ ትምህርት ሰጡኝ። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ቁለተይን ከሚባለው መጠን ያነሰ ውሃ ነጃሳ ያለበት ልብስ ሲነከርበት ውሃው ራሱ ይነጀሳል። ቁለተይን በዛሬው መለኪያ ወደ 200 ሊትር ገደማ መሆኑን ብዙዎች ይገምታሉ፤ የኛ ሳፋ ከየት አምጥቶ! ስለዚህ ልብሱን ውሃ ውስጥ መክተት ሳይሆን ውሃውን ልብሱ ላይ ማፍሰስ ነው መንገዱ።

ይህ ሥርዓት ለካስ ለውሃ ቁጠባም ይመቻል። በኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ጀሪካን በጀሪካን ተቆጥሮ ይኖራል። አሁን ልብሱ እንደወለቀ ሳይደርቅ ፍሳሹ አጠገብ ዘርግቼ በጆግ ቀዝቃዛ ውሃ አፈስበታለሁ፣ አሸዋለሁ፣ እጨምቀዋለሁ። ሽታውና ቀለሙ እስኪለቅ እደግመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሳሙና ወዳለበት ሳፋ የሚገባው። የማለቅለቂያውም ውሃ አይደፋም፤ ሽንት ቤት ይታጠብበታል።

ስለ በረኪና አንድ ነገር ልበል። ሽታ ለማጥፋት ብለው ሽንት ባልለቀቀው ልብስ ላይ በረኪና የሚያፈሱ እኅቶች አሉ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞንያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደረት የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ በውሃ በደንብ ማስለቀቅ፣ በር መክፈት፣ ባይሆን ደግሞ በረኪናውን ጨርሶ መተው ይሻላል።

እናቴ ስታየኝ ስለ ቦርከና ወንዝና ስለ እንዶድ ታወራልኛለች። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋው እንዴት እንደሚነሳ፣ ነጠላው እንዴት እንደሚነጣ። እኔም ያነበብኩትን ነገርኳት፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቢልሐርዝያን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሱበት። እናቴ «ታዲያ እኛስ ስናጥብበት የኖርን ምን ተሰጠን?» ብላ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር!

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ቤትም ሥራው ይኸው ነበር። አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥ፣ ደም የነካው የሴት ልብስ ተፍቆ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ውሃ ፈሶበት እንደሚሰገድበት ተነግሯል። አዲስ ልብስ ፈልጉ አልተባለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ደግሞ ከመልእክተኛው ልብስ ላይ እድፍ ያጥቡ እንደነበርና የውሃው እርጥበት ሳይደርቅ እሳቸው ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ እርጥበት ብቻውን ሶላት እንደማይከለክል ገባት። ያም ሆኖ ቁርጥማት ላለባት ሴት እርጥብ ቀሚስ ማልበስ ልቤ አይቀበለውም።

መጭመቁን ወንድሜ ወሰደው። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ገመዱን ያያል። አንዳንድ ጎረቤት ወንዶች ሲያሾፉበት ሰምቻለሁ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) መስክረዋል፤ ለሚያሾፉት ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም። ደግሞም የወንድ ክንድ የጨመቀው ቀሚስ ከኔው በግማሽ ጊዜ ይደርቃል።

ማስጣትም የራሱ ዘዴ አለው። ክረምት ላይ ከፀሐይ ይልቅ ነፋስ ይበልጣል። የተጨመቀውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ እንደገና መጭመቅ፣ ቀሚሱን አንዱን በአንዱ ላይ ሳይደርቡ አራርቆ ማስጣት፣ ጠዋት ፀሐይዋ ብቅ ስትል ቶሎ ማውጣት። ከሰዓት ዝናቡ ይመጣል። ቤት ዘግቶ በከሰል ምድጃ ላይ ማድረቅ ግን በፍጹም! የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስዳል። እኛ ትንሽ እርጥበት ከቀረ በካውያ እንጨርሰዋለን።

ባለፈው ወር ወንድሜ ከመርካቶ ስስ ቴትሮን ገዝቶ መጣና ሦስት ቀሚስ አሰፋን። ቴትሮን ከጥጥ ቶሎ ይደርቃል። እናቴ ቀለማቸውን አልወደደችውም፤ «የልጃገረድ ነው» አለች። ትናንት ግን ዙህርን በአረንጓዴው፣ ዐስርን በሰማያዊው ሰገደች፤ ለመግሪብም ቡናማው ደርቆ ተጣጥፎ ከመስገጃዋ ጎን ተቀምጦ ነበር።