የበቆሎ አገር፦ ከጓቴማላ የጉዞ ማስታወሻ

ጓቴማላ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ መካከል በተዘረጋው ጠባብ ምድር ላይ የተቀመጠች፥ ተራራዋ የበዛ፥ አፈሯንም የእሳተ ገሞራ አመድ ያጠቆረውና ያበለጸገው አገር ናት። ወደዚያች አገር የሄድሁት ንግድ ወይም ሹመት አስገድዶኝ ሳይሆን፥ ፐርማካልቸር የሚባለውን የአስተራረስ ጥበብ ከማያ ሕዝብ ልማድና ሥርዐት ጋር አስተባብረው በሚያስተምሩበት አንድ ማእከል በበጎ ፈቃድ እያገለገልሁ ለመማር ነበር። ማእከሉ ካክቺኬል ከሚባሉት የማያ ወገኖች በተወለዱ ሰዎች የሚመራ ሲሆን፥ የሚገኘውም በአቲትላን ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፥ በሳን ሉካስ ቶሊማን ከተማ አጠገብ ነው። እንግዳ ከማለዳ እስከ ቀትር ይሠራል፥ ከቀትር በኋላ ይማራል፥ ለማደሪያውና ለቀለቡም ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,560 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ በጥንት ዘመን በፈነዳና በሰመጠ እሳተ ገሞራ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱም ከ300 ሜትር ያልፋል። በደቡቡ በኩል አቲትላን፥ ቶሊማንና ሳን ፔድሮ የተባሉ ሦስት ተራሮች ቆመው ይጠብቁታል። ውሃው ጠዋት ጸጥ ብሎ ይውልና ከቀትር በኋላ ሾኮሚል የሚሉት ነፋስ ሲነሣ ጀልባ እስኪያናውጥ ድረስ ይታወካል፤ ያገሬውም ሰዎች ይህ ነፋስ የሰውን ኃጢአት ጠርጎ የሚወስድ ነው ይላሉ።

ፐርማካልቸር የሚለውን ስም ያወጡት ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሰዎች ሲሆኑ፥ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውም በ1978 ታትሟል። የትምህርቱ መሠረት ሦስት ነው፤ ይኸውም ለምድር ማሰብ፥ ለሰው ማሰብ፥ የተረፈውንም በትክክል መካፈል ነው። መምህራችን ግን ይህን በሰሌዳ ላይ ከጻፈልን በኋላ ወዲያው ወደ ማሳ ይዞን ወረደና፥ ሁለቱ ሊቃውንት በመጽሐፍ ያኖሩት ነገር አባቶቹ በእጃቸው ይዘውት ከኖሩት ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ በዓይናችን አሳየን። ሚልፓ በሚሉት በዚያ ማሳ ላይ በቆሎ፥ ቦሎቄና ዱባ በአንድ ጕድጓድ አጠገብ ይዘራሉ፤ በቆሎው ለቦሎቄው ምርኩዝ ይሆነዋል፥ ቦሎቄው በሥሩ ባደሩት ረቂቃን ተሕዋስያን አማካይነት ከአየር ናይትሮጅንን ስቦ አፈሩን ያዳብራል፥ ዱባው በሰፊ ቅጠሉ ምድሩን ሸፍኖ እርጥበት እንዳይተን፥ አረምም እንዳይበዛ ይከለክላል። በመካከላቸውም ገበሬው የማይዘራቸው፥ ነገር ግን አውቆ የማይነቅላቸው የወጥ ቅጠሎች ይበቅላሉ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ኩትኳቶ ስለ ነበር፥ የሚነቀለውንና የሚተወውን ለይቶ ማወቅ ራሱ አንድ ትልቅ ትምህርት መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ነው።

የወጥ ቤት ተራ ሲደርሰኝ የቤቱ እመቤት፥ ዕድሜያቸው ከሰባ የዘለለ ባልቴት፥ «ና ልጄ፥ እጅህን አስገባና እየው» ብለው ወደ ምድጃው ጠሩኝ። ደረቁን በቆሎ ማታውኑ ኖራ በተበጠበጠበት ውሃ ቀቅለው አሳድረውት ስለ ነበር፥ ውሃው ቢጫ ሆኖ፥ የፍሬውም ልባስ በጣት መካከል እየሟለጨ ይላጥ ነበር። እርሳቸውም ደጋግመው አጥበው፥ በጕልበታቸው ተንበርክከው፥ ሦስት እግር ባለው የድንጋይ ወፍጮ ላይ በመጅ ይፈጩት ጀመር፤ ሊጡንም በመዳፋቸው እያጨበጨቡ ክብ ካደረጉት በኋላ በሸክላ ምጣድ ላይ ጣሉት። «እናቴ፥ ኖራው ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ያለ ኖራ ሆድ ይሞላል እንጂ ጕልበት አይሆንም፤ እናቴም ይህንኑ ነግራኛለች» አሉኝ።

ባልቴቲቱ የተናገሩት ነገር ዛሬ በኬሚስቶች ዘንድ የተረጋገጠ እውነት ነው። ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን በበቆሎ ውስጥ ተቈራኝቶ ስለሚገኝ አካላችን አይጠቀምበትም፤ የኖራው ውሃ ግን ይፈታዋል፥ ካልሲየምም ይጨምርበታል። አውሮፓውያን ግን ፍሬውን ወስደው ሲዘሩ የአበሳሰሉን ጥበብ ከሴቶቹ ሳይጠይቁ ቀሩ። በዚህም ምክንያት በቆሎ ብቻ ይበሉ በነበሩት በስፔንና በሰሜን ኢጣሊያ ድኾች ዘንድ፥ ኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡብ ክፍል፥ ቆዳን የሚያቆስልና አእምሮን የሚያናውጥ ፔላግራ የተባለ ደዌ ተስፋፍቶ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ ያንኑ በቆሎ በኖራ እየቀቀሉ በሚበሉት በማያ ሰዎች ዘንድ ግን ይህ ደዌ የተለመደ አልነበረም። ዘር ያለ ባለቤቱ ዕውቀት ሲሻገር በረከቱ ጎዶሎ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

እንግዳ ነገርም ባለቤትን ሳይጠይቅ ሲገባ እንዲሁ ነው። በ1958 ለመዝናኛ ዓሣ የሚያጠምዱ ጎብኚዎችን ለመሳብ ተብሎ ባስ የተባለ በላተኛ ዓሣ ከውጭ መጥቶ በሐይቁ ውስጥ ተለቀቀ። ዓሣው የአገሩን ትንንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች እየዋጠ ስለ ፈጃቸው የአጥማጆቹ ኑሮ ተናጋ፤ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር የማይገኝ፥ መብረር የማይችል አንድ የውሃ ወፍም ከሌሎች መከራዎች ጋር ተደራርቦበት በ1990 ገደማ ፈጽሞ ጠፋ።

የማያ ሰዎች ዕውቀታቸውን የጠበቁት በሰላም ዘመን አይደለም። በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ መነኩሴ በዩካታን፥ በማኒ ከተማ፥ መጻሕፍታቸውን ሰብስቦ በእሳት አቃጠለ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት የጥንት የማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው። ብራና በክብር በሚጠበቅበት አገር ላደገ ሰው ይህ ምን ያህል የሚያስለቅስ ነገር እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በእኛም ዘመን ከ1960 እስከ 1996 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከ200,000 በላይ ሰው እንደ ሞተና እንደ ጠፋ፥ ማንነታቸው ከታወቀውም ሰለባዎች ከመቶ 83ቱ ማያ እንደ ነበሩ የእውነት አፈላላጊው ኮሚሲዮን በ1999 ገልጿል። በ2014 ደግሞ የዘርን ባለቤትነት ለአዳቃዮች የሚያጸና ሕግ በወጣ ጊዜ፥ ገበሬዎችና የማያ ማኅበሮች አደባባይ ወጥተው ስለ ተቃወሙ፥ ሕጉ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ተሻረ።

ለዚህም ነው ከምድጃው በላይ በጭስ የጠቆረውን ማገር ቀና ብዬ ባየሁ ቍጥር ልቤ በአክብሮት የሚሞላው። ነጭ፥ ቢጫ፥ ቀይና ጥቁር የበቆሎ ራሶች በገለባቸው እየተቋጠሩ በዚያ ተሰቅለዋል፤ ጭሱ ነቀዝን ይከለክልላቸዋል። የመዝሪያ ጊዜ ሲደርስ ባልቴቲቱ የጫፉንና የግርጌውን ፍሬ ለምግብ ይለዩና ከመካከል ያለውን፥ ሞላ ያለውን፥ ለዘር ያስቀምጣሉ። ፖፖል ቩህ የተባለው የኪቼ ማያዎች መጽሐፍ ሰው ከነጭና ከቢጫ በቆሎ ሊጥ ተፈጠረ ይላልና፥ በእነርሱ ዘንድ ፍሬ በእግር አይረገጥም፥ መሬት ላይ የወደቀም ይነሣል።

የዘመን አቆጣጠራቸውንም ከአንድ ዕለት ቆጣሪ ሽማግሌ ሰማሁ። 13 ቍጥሮችን ከ20 የዕለት ስሞች ጋር እያጣመሩ 260 ዕለት ያለው ቅዱስ ዑደት ይቆጥራሉ፤ ይህንንም ከሰው ልጅ የጽንስ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ሌላው ዓመታቸው እያንዳንዱ 20 ዕለት ያለው 18 ወርና 5 ተረፈ ዕለታት አለው፤ ሁለቱም ዑደቶች በ52 ዓመት አንድ ጊዜ ይገናኛሉ። አምስቱን ዕለታት ሲጠቅሱልኝ ጳጉሜን ታሰበችኝና፥ እኛም 12ቱን ወር ከፈጸምን በኋላ በዓመቱ መጨረሻ አምስት ወይም ስድስት ቀን እንደምንቆጥር ነገርኋቸው። በእነርሱ ዘንድ ዕለታቱ የጥንቃቄና የፍርሃት ሲሆኑ በእኛ ዘንድ የጸበልና የጸሎት ናቸው። ሽማግሌው በእሳት ዙሪያ ቀይ ጧፍ ለምሥራቅ፥ ጥቁር ለምዕራብ፥ ነጭ ለሰሜን፥ ቢጫ ለደቡብ አቁመው ኮፓል የሚሉትን ሙጫ ሲያጥኑ፥ እኔ በሃይማኖቴ ጸንቼ፥ የእነርሱንም ጸሎት አክብሬ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ወደ ባዕድ አገር ለበጎ ፈቃድ የሚሄድ ወጣት ሁሉ፥ ሊሰጥ ከመዘርጋቱ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል እላለሁ። የእኛማ ዕዳ ከሌላው ይበልጣል፤ የምንጠብሰው በቆሎ፥ የምንቀቅለው ቦሎቄ፥ ወጣችን ያለ እርሱ የማይሆንልን በርበሬ፥ ዘራቸው የተገኘው በአሜሪካ ምድር ከእነዚህ ሰዎችና ከጎረቤቶቻቸው አባቶች እጅ ነው። ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1927 ኢትዮጵያን፥ በ1930 ሜክሲኮንና ጓቴማላን ተመላልሶ ካየ በኋላ፥ ሁለቱንም ስፍራዎች ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል ቆጥሯቸዋል። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክም ጤፋችንን፥ ስንዴያችንንና ገብሳችንን ሲጠብቅ ኖሯል። ነገር ግን ዘሩን በብርድ ቤት ማኖር ግማሹን ማዳን ነው፤ የዘሩን መለያ የሚጽፉ ሰዎች ያንን ዘር ያቆዩትን የገበሬ እናቶች ጠይቀው፥ አዘራሩን፥ አመራረጡንና አበሳሰሉንም ከጎኑ ይጻፉልን። እናቶቹ ሳሉ ካልተጠየቁ፥ ልጆቻችን ዘሩን ወርሰው ጥበቡን ያጣሉ።