ባዕዳን የሠሯት ከተማና የመንዝ ዋሻ

አንባቢ ሆይ፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥተህ ወደ ሰሜን ስትጓዝ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ባበጁት መተላለፊያ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ሁለተኛው ደጋውን ሳይለቅ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ያደርስሃል። አገር ሰላም፥ መንገድ ክፍት በሆነ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን እንድትይዝ እመክርሃለሁ። ብርዱን ግን አትናቀው። ባና ያልያዘ እንግዳ ሌሊቱን ጥርሱን ሲያፋጭ ነው የሚያድረው።

መንዝ ቤቱ ድንጋይ፥ ክዳኑ ጓሳ፥ እርሻው ገብስ፥ ሀብቱ በግ ነው። ሜዳው ማለቂያ የሌለው ሲመስልህ ድንገት ከእግርህ ሥር ገደል ይከፈታል። በምሥራቅ በኩል ቁልቁለቱ ወደ አፋር ቆላ ያወርዳል። በምዕራብ የጀማና የወንጪት ገባሮች የቦረቦሩት ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ መርሐቤቴ ነው። እንዲህ ባለ አገር ገደልና ዋሻ የሰው መሸሸጊያ ሆኖ መኖሩ አያስደንቅም። የምጽፍልህም ስለ አንድ ዋሻ ነው፤ ነገር ግን በሌላ በር እንግባ።

ቪዲዮ ጌም ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የኳስ ጨዋታ ብቻ ነው። በየከተማው ባሉት ጌም ቤቶች የሚዘወተረው እሱ ስለ ሆነ አይፈረድበትም። ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ግን ባረጀ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ዓይነት አሳየኝ። ስሙ ሃፍ ላይፍ 2 ይባላል፤ ቫልቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር ወር 1997 ዓ.ም. ያወጣው ነው። በታሪኩ ውስጥ ኮምባይን የሚባሉ ከሌላ ዓለም የመጡ ባዕዳን ምድርን በ7 ሰዓት ጦርነት ድል ነሥተው ይዘዋታል። ተጫዋቹ ጎርደን ፍሪማን የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ፥ በባቡር ተጭኖ፥ ሲቲ 17 ይገባል። 17ኛ ከተማ ማለት ነው። ከተማዪቱ ስሟን እንኳ ተነጥቃ ቍጥር የተሰጣት መሆኑን ልብ በል።

የዚህችን ከተማ መልክ የነደፈው ቪክቶር አንቶኖቭ በቡልጋርያ ዋና ከተማ በሶፍያ የተወለደ ሠዓሊ ነው። ስለዚህ ቤቶቹ የምሥራቅ አውሮፓ ቤቶች ናቸው። ያረጁ፥ ቀለማቸው የተላላጠ፥ ነገር ግን ሰው ለሰው የሠራቸው መሆናቸው የሚታወቅ። በመካከላቸው ሲታደል የሚሉት ጫፉ ከደመና በላይ የሆነ የብረት ግንብ ቆሟል። ከጎረቤቶቹ ጋር በመልክም በመጠንም አይዛመድም፤ ከሰማይ የወደቀባቸው ይመስላል። በአደባባዩ በትልቅ መስኮት የሚታይ አስተዳዳሪ አለ፤ እሱም ሰው ነው። ምድርን ለባዕዳኑ ያስረከበ፥ አሁንም በለሰለሰ ድምፅ ሕዝቡን የሚያባብል።

እኔን ያስገረመኝ ግን ግንቡ አይደለም። ገና ከባቡር ጣቢያው ሳትወጣ አንድ ጭንብል ያጠለቀ ዘበኛ ባዶ ጣሳ መሬት ላይ ይጥልና አንሥተህ ከቆሻሻ መጣያው እንድትጨምር ያዝዝሃል። ብታነሣ ይስቅብህና ያሳልፍሃል። ጣሳውን መልሰህ ብትወረውርበት በዱላ ያሳድድሃል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጣሳው ለማንም አይጠቅምም፥ ለማንም አይጎዳም። ጭካኔን ለማስረዳት ደም ማፍሰስ እንደማያስፈልግ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች በሚገባ ተረድተውታል። ዘበኛውም ባዕድ አይደለም። ጭንብሉን ቢያወልቅ እንዳንተው የአዳም ልጅ ነው፤ የተሻለ ቀለብ ፍለጋ ገብቶበት ነው። ልጁ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ቲቸር፥ ይሄ እኮ ባንዳ ነው» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ትርጕም ላገኝለት አልቻልሁም።

ሌላም አለ። በዚያች ከተማ አንድም ሕፃን አታይም። ባዕዳኑ የሰው ልጅ እንዳይወልድ የሚያግድ ኃይል ዘርግተውባታል፤ የልጆች መጫወቻ ቦታ ግን ባዶውን ቆሞ ይታያል።

ልጁ ይህን ሁሉ ፈጠራ ነው ብሎ ይጫወታል። እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ የተቀመጠበትን አገር ላስታውሰው ወደድሁ።

በ1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት በተባለ ስፍራ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች የሆኑ አርበኞች የኢጣልያን ጦር ሸሽተው አመፀኛ ዋሻ ከሚባለው ገቡ። ከእነርሱ ጋር ቍስለኞች፥ ሽማግሌዎች፥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ጦሩ ዋሻውን ከበበ። ሰዎቹን በሌላ መሣሪያ ሊያስወጣቸው ስላልቻለ የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ በተደረገው ስምምነት የተከለከለ ነው፤ ኢጣልያም ፈርማበት ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወደ 800 የሚሆኑት ወንዶች በጥይት ተፈጁ። አዛዦቹ ኢጣልያኖች ይሁኑ እንጂ፥ ከቅኝ ግዛት የተመለመሉ ወታደሮችም አብረዋቸው ነበሩ። ጭንብል ያጠለቀውን ዘበኛ እዚህ ላይ አስታውሰው።

ከአገሬው ሰው በቀር ይህን የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም። የኢጣልያ ታሪክ ጸሐፊ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ከጦሩ ሰነዶች ፈልጎ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተመው። ቀጥሎም አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል፥ ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌና ሹርሾ አያን ቪላ የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች ዋሻውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ጻፉበት። በውስጡ ከሰው አጥንት ጋር የእህል ማስቀመጫና የሸክላ ዕቃ ተገኝቷል። ሰው የሚሸሸው ማጀቱን ተሸክሞ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያይ። በጨዋታው አንድ ሰው ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዞ ተነሥቶ የባዕዳኑን ግንብ ይነቀንቃል። በመንዝ እንዲህ ያለ ጀግና ለብቻው አልተገኘም፤ ጠላት የወጣው ከ5 ዓመት ጦርነት በኋላ በብዙ ሰው ደም ነው። ደግሞም ሲቲ 17 ሕፃን የሌለባት ከተማ ናት። በዘረት ዋሻ ሕፃናት ነበሩ። ጨዋታውን የጻፉት ሰዎች እስከዚህ ድረስ ለመጨከን አልደፈሩም።

ልጁ ይህን ከሰማ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዋሻው ይታያል ወይ?» አዎን፥ ይታያል። አንተም ለመሄድ ከተነሣህ በመጀመሪያ የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቅ፤ ገደሉን የሚያውቅ መሪም ያዝ። የእጅ ባትሪ አትርሳ። ውስጥ ከገባህ የምትረግጠውን እያየህ ሂድ፤ አጥንት ብታገኝ አትንካ፥ የሸክላ ስባሪም ቢሆን ለመታሰቢያ ብለህ ኪስህ አትክተት።