ከቀፎው በፊት ጎረቤት



«ጓሮ ውስጥ ንብ ማነብ ይቻላል ወይ? ከምን እንጀምር?» ብላችሁ የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ። ይቻላል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ሥራው ለእኛ ባዳ አይደለም። ግን እኛ በጀመርንበት መንገድ እንዳትጀምሩ፣ የደረሰብንንና በሰው ላይ ያደረስነውን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ሦስት ነን፤ ሰንበቴ ላይ አንድ መድረሳ አብረን የቀራን። አንዳችን ልብስ ሰፊ፣ አንዳችን ባለ ሱቅ፣ አንዳችን መስጂድ ኢማሙን የሚያግዝ። በንብ ስም የተሰየመችውን 16ኛዋን ሱራ፣ ሱረቱ-ነሕልን፣ 128ቱንም አያ ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቃታለን። ቀፎ ስንከፍት ግን ድንጉላውን ከሠራተኛዋ መለየት አቃተን።

መጀመሪያ ከገበያ ባዶ ባህላዊ ቀፎ ገዛን። በወይራ አጠንነው፤ ውስጡን ሰም ቀባነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የቁርቁራ ዛፍ ላይ ሰቀልነው። መስከረም ሲያልቅ መንጋ ገባበት። ያን ቀን የነበረን ደስታ! ሌሊት አፉን በጨርቅ ደፍነን ወደ ጓሯችን አመጣነው።

ኅዳር ላይ ማር ቆረጥን። እጃችን የደረሰበትን ሁሉ ወሰድን። ነጭ እጭ የሞላበትን እንጀራ ደግሞ «ትል ገብቶበታል» ብለን ለዶሮ ጣልን። በሳምንቱ ብናይ ቀፎው ባዶ ነው፤ ንቦቹ ጥለውን ኮብልለዋል። አንድ የሠፈራችን አዛውንት ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁና «ልጆቼ፣ ስንቃቸውን ወሰዳችሁ፤ ልጆቻቸውን ለዶሮ ሰጣችሁ፤ ታዲያ ምን ይጠብቁ?» አሉን።

ከዚያ ነው መጠየቅ የጀመርነው። ንግሥቲቱ፣ አውራ የምንላት፣ ከጣለችው እንቁላል አንዲት ሠራተኛ ንብ ለመውጣት 21 ቀን ይፈጅባታል። እጩን የጣለ ሰው ወደፊት አበባ የሚቀስመውን ሠራተኛ ጥሏል።

ያ የራሳችን ኪሳራ ነበር። ሁለተኛው ጥፋታችን ግን ለሌላ ሰው ተረፈ።

በዓመቱ ገንዘብ አዋጥተን የሽግግር ቀፎ ከነንቡ ገዛን። በዚህ ቀፎ ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩት ከላይ ከተደረደሩት ጣውላዎች ላይ አንጠልጥለው ስለሆነ፣ ሳይቆርጡ አንድ በአንድ አንስቶ ማየት ይቻላል። የተማርን መሰለን። ቀፎውን አጥር ሥር፣ አፉን ወደ መንገዱ አድርገን አስቀመጥነው። ጎረቤት አላማከርንም። የገዛ ጓሯችን ነው፤ ማንን እንጠይቃለን?

ዕለቱ እሁድ ነበር። የሰንበቴን እሁድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቆላው አፋሩ ግመሉን ጭኖ፣ ከየአቅጣጫው ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው አህያውን እየነዳ ወደ ገበያው ይጎርፋል። እኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር፣ ቀፎውን ከፈትን። አንዳችን ዒጥር ተቀብቶ ነበር። ንብ ጠንካራ ሽታ እንደሚያስቆጣት አናውቅም። ጭሱን በቅጡ ሳናጨስ ጣውላውን ስናነሳ ንቦቹ እንደ ደመና ተነሡ።

በዚያች ደቂቃ አንዲት እናት ማሾ የጫነች አህያቸውን እየነዱ በአጥሩ ሥር ያልፉ ነበር። አንዲት ንብ ስትነድፍ ከመንደፊያዋ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። አህያዋ ከነጭነቷ ወደቀች። እናትየው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሮጡ። እኛ ጭነቱን በቢላ ቆርጠን፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ጥለንባት፣ እየጎተትን ጨለማ ቤት አስገባናት። በማግሥቱ ሞተች።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኛ አንገታችንን ደፍተን ዋጋውን ለመክፈል ተስማማን፤ ለመጨረስ አምስት ወር ፈጀብን። እናትየው ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሌላ ነገር ተናገሩ። «ልጆቼ፣ እኔ ገንዘቤን አገኛለሁ። ያ መንገድ ግን ሕፃናት ቁርኣን ሊቀሩ የሚያልፉበት መንገድ ነው» አሉ። ከሦስታችን አንዳችንም ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም። እነዚያን ሕፃናት የምናስቀራው እኛው ነን።

በዚያው ሌሊት ቀፎውን ከከተማው አውጥተን ዘመድ ማሳ ዳር ወሰድነው። ወደ ጓሮ የመለስነው ከዓመት በኋላ፣ የአካባቢውን ቤት አንድ በአንድ አንኳኩተን ፈቃድ ከጠየቅን በኋላ ነው። አንድ ቤት ልጃቸው ንብ ሲነድፈው ሰውነቱ እንደሚያብጥና ትንፋሽ እንደሚያጥረው ነገሩን። ስለዚህ በእነሱ በኩል ባለው ጓሮ ሳይሆን ራቅ ባለው ጥግ አደረግነው።

ለመጀመር ለምታስቡ ይህን ያዙ፦

1. የቀፎው አፍ ወደ መንገድም ወደ ጎረቤት በርም አይዙር። ከፊቱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አጥር ካለ ንቦቹ ወደ ላይ ተነሥተው ይበራሉ።

2. ቀፎ የሚከፈተው ከዐስር በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ በገበያ ቀን ፈጽሞ። ዒጥርም ሽቶም አትቀቡ። ጭሱ በደረቅ ኩበት ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ፊት መሸፈኛና ጓንት አይቅር። በአቅራቢያው ከብት አትሰሩ።

3. በአቅራቢያው ውኃ አኑሩላቸው፤ አለበለዚያ የጎረቤት ባልዲ ላይ ይሰፍራሉ። ከጉንዳን ለመከላከል የመቆሚያውን እግር የተቃጠለ ዘይት ቀቡ፣ ዙሪያውን አመድ ነስንሱ።

4. የማሾ ማሳ ካላቸው ገበሬዎች ጋር ተነጋገሩ። የተባይ መድኃኒቱን ንብ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ ቢረጩ፣ ለእናንተም ይተርፋል።

5. አፉ በሰም የተከደነውን ማር ብቻ ቁረጡ። እጭ ያለበትን አትንኩ፤ ለንቦቹም ስንቅ አስቀሩ። በመጀመሪያው ዓመት ማር ቢቀር ይቅር፤ ንቡ ይኑር።

ባለፈው ኅዳር ከቆረጥነው ማር የመጀመሪያውን ለጎረቤቶቻችን አዳረስን። ለእኚያ እናትም ላክንላቸው፤ ተቀብለው መርቀውናል። እሁድ እሁድ ወደ ገበያ ሲመጡ ግን እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አያልፉም፤ በላይኛው ዞረው ይመጣሉ። እኛም ባየናቸው ቁጥር ቀፎውን እንዴት እንደ ጀመርን እናስታውሳለን።