ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?

በራም ላይ ዲስክ መሥራት ቀላል ነው። በሊኑክስ ቲኤምፒኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም አንድ የሞውንት ትእዛዝ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ የራሙ ክፍል እንደ ማንኛውም ፎልደር ይጻፍበታል፣ ይነበብበታል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ነገሩ እዚህ ያበቃል። ብዙ ሰርቨሮች ተያይዘው እንደ አንድ በሚሠሩበት ክላስተር ላይ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ፍጥነት እንደምወድ አልደብቅም። የክላስተር አስተዳዳሪ የሚታወሰው ሲስተሙ ሲቆም ብቻ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሥራችን ተጓተተ ብለው ሲመጡ፣ የምመሰገንበት ቀን የደረሰ መሰለኝ። ፕሮግራሞቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ጊዜያዊ ፋይሎች እየፈጠሩ ይሰርዛሉ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ደግሞ ጥያቄው በኔትወርክ አልፎ የጋራ ማከማቻው ዘንድ ደርሶ መመለስ አለበት። ሃርድ ዲስክ አንድ ቦታ ፈልጎ ለማግኘት ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል፤ ራም በ100 ናኖሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። በየሰርቨሩ ራም ዲስክ እንክፈት አልኩ።

አብረውን የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዕቅዱን አንብበው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «እዚያ ላይ የምታስቀምጠው ፋይል ዛሬ ማታ ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?» መልስ አልነበረኝም። እንግዲያው በሁለት ሰርቨሮች ላይ ብቻ ሞክረው አሉኝ።

ሙከራው መጀመሪያ ያሳየን የስም መመሳሰልን ነው። በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ የፎልደሩ ስም አንድ ነው፤ ይዘቱ ግን ለየብቻ ነው። አንደኛው ሰርቨር ላይ የተጻፈውን ሁለተኛው አያየውም። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራ ፕሮግራም ፋይሉን ፈልጎ ያጣዋል።

ቀጥሎ የራሙ ሒሳብ መጣ። ቲኤምፒኤፍኤስ ልክ ካልተሰጠው እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ሊይዝ ይችላል። 128 ጊጋባይት ባለው ሰርቨር ላይ 100 ጊጋባይት የሚፈልግ ሥራ ከተላከና ራም ዲስኩ 64 ከሞላ፣ ድምሩ ከማሽኑ አቅም ያልፋል። ስዋፕ የሚባለው፣ ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ ካለ ዳታው ተመልሶ ወደ ዲስክ ይወርዳል፤ የሸሸነው ዝግታ ይመለሳል። ስዋፕ ከሌለ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ከሁሉ የገረመኝ ፕሮግራሙ ከሞተ በኋላም ራም ዲስኩ ላይ የጻፋቸው ፋይሎች እስኪሰረዙ ድረስ ቦታቸውን አለመልቀቃቸው ነው።

የጋሼ ጥያቄ ግን በዋናነት የነካው ሌላ ነገር ነው። አንድ ፕሮግራም ዳታው ዲስክ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ መቀመጡን ከርነሉን ሲጠይቅ፣ ቲኤምፒኤፍኤስ ወዲያው ተሳክቷል ብሎ ይመልሳል። መብራት ሲሄድ ወይም ሰርቨሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ ግን አንድም ፋይል አይተርፍም። ጥንቃቄ ያደረገውም ያላደረገውም ፕሮግራም እኩል ይከስራሉ።

ከዚያ በኋላ ራም ዲስኩን ከፈትን፤ በሥርዓት ግን። መጠኑን ወሰንን። የያዘው ራም ለሥራው ከተፈቀደው ኮታ እንዲቆጠር አደረግን። ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻ ውጤቱ ወደ ጋራ ማከማቻው ይገለበጣል፤ የቀረው በራሱ ይሰረዛል፤ ሥራው ተገድሎ ቢቆምም ማጽዳቱ አይቀርም። ተመራማሪዎቹም የሚፈልጉትን ፍጥነት አገኙ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ራም ዲስክ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ስለዚህ በክላስተር ላይ ራም ዲስክ ለመክፈት የምታስቡ ሁሉ፣ የፍጥነቱን መለኪያ ከማየታችሁ በፊት የፋይሎቹን ዝርዝር ይዛችሁ ተቀመጡ፤ እንደገና ሊሠራ የማይችል አንድ ፋይል እንኳ ካገኛችሁ ቦታው ራም ላይ አይደለም።