በሥጋ ፋንታ ምስር

መምህራችን በዚህ ዓመት እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ምግብ መርጠን፣ አሠራሩንና ታሪኩን ከታላላቆቻችን ጠይቀን እንድንጽፍ አዘዘችን። ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ ዶሮ ወጥና የሰንበት ዳቦ መረጡ። እኔ የመረጥኩት ምስር ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

አባቴ በግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከሁለት ዓመት በፊት ወድቆ ጀርባው ተጎዳ። ከዚያ በፊት ለሰንበት ሥጋ ገዝቶ መምጣት የእርሱ ድርሻ ነበር። ሐሙስ ማታ በሩን ሲከፍት ላስቲኩን ከፍ አድርጎ ያሳየናል፤ ታናሽ ወንድሜም ሮጦ ይቀበለዋል። ከተጎዳ በኋላ ግን በእናቴ ደመወዝ ብቻ መኖር ጀመርን። እናቴ የጽዳት ሠራተኛ ናት። የቤት ኪራይ፣ መብራትና መድኃኒት ከተከፈለ በኋላ በየሳምንቱ ለሥጋ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ማንም ሰው አባቴን አልወቀሰውም። እርሱ ግን ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሁላችንም ቀድሞ መተኛት ጀመረ።

አንድ ዓርብ ጠዋት እናቴ «ዛሬ ምንቸት አብሽ እንሠራለን» አለችኝ። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ብፈልግ የተፈጨ ሥጋ የለም። እርሷም አንድ ከረጢት ድፍን ምስር አውጥታ ትሪ ላይ ዘረገፈችው። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሁለት ብርጭቆ ድፍን ምስር ድንጋዩ ተለቅሞ ይታጠባል። ከዚያም አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። መፍረስ የለበትም፤ ግማሽ ሲበስል ውኃው ይጠነፈፋል፣ ምስሩም በሙቀጫ ገርበብ ተደርጎ ይወቀጣል። እንደ ተፈጨ ሥጋ የሚያስመስለው ይህ ነው። አራት ትልልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ያለ ዘይት ይቁላላል። ቀጥሎ ግማሽ ብርጭቆ ዘይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይጨመርበታል፤ እንዳያርም ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከገባ በኋላ ምስሩ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ይጨመርና በቀስታ እሳት ሃያ ደቂቃ ይንተከተካል። በመጨረሻ ጥቂት የአብሽ ዱቄት፣ መከለሻና ጨው ይገባል። አብሹ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ምንቸት አብሽ፣ ምንቸት አብሽ ይሸታል።

በዚያ ምሽት አባቴ ኪዱሽ አድርጎ እንጀራውን ቆረሰ። ወንድሜ «ሥጋው ጣፋጭ ነው!» አለ። እኔና እናቴ ተያየን። አባቴ ግን ዝም ብሎ በላ። እንዲህ እያደረግን ሦስት ሰንበት አሳለፍን። ወንድሜ በጠየቀኝ ቁጥር «አዎ፣ ሥጋ ነው» እያልኩ መዋሸቱ ከብዶኝ ነበር።

በአራተኛው ዓርብ አያቴ ከእኛ ጋር ለማሳለፍ መጡ። አያቴ የአባቴ እናት ናቸው። ከወጡ አንድ ጉርሻ እንደ ወሰዱ እናቴን አይተው ፈገግ አሉ፤ ምንም አልተናገሩም። ያን ጊዜ አባቴ እንጀራውን አስቀመጠና «ይህን ሥጋ እኔ አውቀዋለሁ፤ አዲስ አበባ እያለን በልቼዋለሁ» አለ።

እናቴ ደነገጠች። አያቴ ግን በጣም ሳቁ፤ ከሳቃቸው በኋላም ታሪኩን ነገሩን።

በጎንደር በነበሩበት መንደር ሥጋ የሚበላው አልፎ አልፎ፣ ይበልጡን በበዓል ነበር። በእኛ ሰው እጅ ያልታረደ ሥጋ አይበሉም ነበርና ከገበያ አይገዙም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፤ በሰንበት እሳት ስለማይነድ የሚበላው ቀዝቃዛ ምግብ ነው። ለዚህ ምስር ይመቻል። በዘይት የተሠራ የምስር ወጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ሥጋ ስብ አይረጋም። ቅቅል ምስር ደግሞ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሰናፍጭ ተለውሶ አዚፋ ሲሆን መጀመሪያውንም የሚበላው ቀዝቅዞ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ቤተሰቡ ወደ እስራኤል ለመውጣት አዲስ አበባ ገባ። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ወራቸውን ሲጠባበቁ ከረሙ። የእኛ ሰው ያረደው ሥጋ አንዳንዴ ቢገኝም መግዣ አልነበራቸውም። አባቴ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በዓል ሲመጣ «ሥጋ!» እያለ አለቀሰ። አያቴም ምስር ቀቅለው፣ በድንጋይ ወቅጠው፣ በበርበሬ ሠርተው «እነሆ ሥጋ» አሉት። በላና ተኛ። በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል በመጡበት በዘመቻ ሰሎሞን እነርሱም መጡ።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና «ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ አታለለችኝ። አሁን ግን አባት ነኝ፤ ለልጆቼ ሥጋ ማምጣት አቃተኝ» አለ። አባቴ ስለዚህ ነገር ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አያቴ እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «ልጄ፣ ዔሳው የተወቀሰው ምስር በመብላቱ አይደለም፤ ብኩርናውን በማቃለሉ ነው። እስቲ አንተ ምን ሸጥክ? ሚስትህ አለች፣ ልጆችህ አሉ፣ ሰንበትህ አለች። ብላ!»

አባቴም በላ። ትንሽ ቆይቶም «ግን ጨው ጎድሎታል» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ ብቻ «ታዲያ ሥጋ አይደለም እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። የምስር ወጥ ፓርቬ ስለሆነ ሰዓት ሳይጠብቅ የወተት አይስ ክሬም መብላት እንደሚችል ስንነግረው ግን ወዲያው ታረቀን።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ምስር በእርግጥ ሥጋን ይተካ እንደሆነ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ጠየቅሁ። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ የበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ግን 25 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ ምስር ከሥጋ እኩል ነው ብዬ አልዋሽም። ሆኖም ምስር የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ጤፍ ይሞላለታል፤ ጤፍ የሚጎድለውን ደግሞ ምስር ይሞላለታል። እናቶቻችን ምስርን በእንጀራ ማብላታቸው ትክክል ነበር ማለት ነው። በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዲወስደው ሎሚ ወይም ቃሪያ አብሮ መብላት ይረዳል። ምስር ቫይታሚን ቢ12 ስለሌለው ግን እንቁላልና ወተት መተው አይገባም። እኛም እንቁላል አንተውም፤ ሥጋም ሲገኝ እንበላለን።

የአባቴ ጀርባ እስካሁን አልዳነም፤ ሥራም አላገኘም። ነገር ግን ሐሙስ ማታ አሁን ቀድሞን አይተኛም። ጀርባውን በትራስ ደግፎ ይቀመጥና ትሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ምስር ይለቅማል። አያቴ መጀመሪያ ሲያዩት «በአገራችን ወንድ ምስር ሲለቅም አይቼ አላውቅም» አሉ። ቀጥለውም መነጽራቸውን አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ፤ እርሱ ያለፈውን ድንጋይም ያወጡለት ጀመር።

የተከበራችሁ ወላጆችና ሽማግሌዎች፣ እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት አባቴ ስለተጎዳና ሥጋ ስላጣን ብቻ ነው። ሥጋ ቢኖረን ኖሮ ማንም አይነግረኝም ነበር። ስለዚህ ችግር እስኪመጣ ሳትጠብቁ የበላችሁትንና ያጣችሁትን ንገሩን። ሰንበት ሰላም።