አጥር ጥግ ያለችው ጉሎ

አጥሩ ጥግ የዘራኋት ጉሎ ዘንድሮ ከቁመቴ በለጠች። ቅጠሏ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው። እሾሃማው ፍሬዋ ሲደርቅ ፀሐይ ላይ ጧ ብሎ ይፈነዳና ሦስት ዘር ይረጫል፤ ዥጉርጉር፣ ደም የጠገበ መዥገር የመሰለ። እናቴ አዲስ ምጣድ የምታሟሸው በዚሁ ነበር፤ ወቅጣ የጋለው ምጣድ ላይ በጨርቅ ስታሸው ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ሸክላው ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ልጆች ያላችሁ ግን አደራ! ጥሬው ዘር ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ፤ ታኝኮ ከተዋጠ ሊገድል ይችላል። ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ለላምም እንዳትሰጡ። እኔ ዘለላውን ሳይደርቅ እቆርጠዋለሁ፤ ትንሿ ልጄ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከትበት ዕድሜ ላይ ናት።