ጠራቢ የሌላቸው ዓምዶች

ሰው ዘወትር የሚያልፍበትን ነገር ለማየት ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። እኛም በመንግሥት ሥራ ምክንያት የዓባይን በረሃ ሰባት ጊዜ ተሻግረናል። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዙንም ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ከከተማ እስከ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰባቱም ጉዞ ግን ዓይናችን በጉልበታችን ላይ ከዘረጋነው ፋይል ወይም ከሾፌሩ እግር አልተነሣም። አንዱ ሥራ እንዲያልቅ፥ ሌላው መጠማዘዣ በደኅና እንዲታለፍ ስንመኝ፥ ገደሉን ቀና ብለን ሳናየው ኖርን።

ስምንተኛው ጉዞ የራሳችን ነበር። ባለፈው ጥቅምት የዓመት ፈቃዳችንን ወስደን ከአዲስ አበባ ስንነሣ አጎታችንን ይዘን ወጣን። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፥ አርባ ዓመት በግንበኝነት የኖሩ ሰው ናቸው። አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደጉን እርሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ እስክንጨርስ ድረስ ደብተራችንንም ልብሳችንንም የገዛው የእርሳቸው መዶሻ ነው።

ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን መኪናውን አስቁመን ወረድን። ከመንገዱ በላይ ያለው ጥቁር ገደል ከላይ እስከ ታች በዓምድ በዓምድ ተከፍሎ ቆሟል። አንዳንዱ እንደ ታሰረ ጧፍ ቀጥ ብሏል፤ አንዳንዱ ጎንበስ ብሏል፤ የተሰበረውም ከሥር ወድቆ እንደ በርጩማ ተቀምጧል። የወደቀውን ጎኑን ብንቆጥር ስድስት ሆነ፤ የሚቀጥለው አምስት፤ ሌላው እንደገና ስድስት። አጎታችን መዳፋቸውን በድንጋዩ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። የመሮ ምልክት ይፈልጉ ነበር።

«ልጄ፥ ይህን የጠረበ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር» አሉ።

እኛም የተማርነውን ለማሳየት ቸኮልን። ጠራቢ የለውም አልናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ ቅልጥ ዐለት እንደ ጎርፍ ወጥቶ፥ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ የዛሬውን ደጋ እንደ ሸፈነ ነገርናቸው። ይህም ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከእርሱ በታች ያሉት የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ባሕር በዚህ አገር ላይ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ቅልጡ ዐለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ረግረግ ደርቆ ጭቃው እንደሚሰነጠቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከቀዘቀዘው ፊት ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቅዝቃዜው ዝግተኛና የተካከለ ከሆነ ሦስት ሦስት ስንጥቆች በ120 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ባለ ስድስት ጎን ዓምድ ይበዛል፤ አምስትና ሰባት ጎን ያለውም አይጠፋም።

አጎታችን ዝም አሉ። እኛም የሰውን አርባ ዓመት ሙያ በአንድ ትንፋሽ ያቃለልን መሰለንና አፈርን። ስለዚህ ሌላ ነገር አከልን፦ በሰሜን አየርላንድ ባሕር ዳር «የግዙፉ ሰው መንገድ» የሚባል ስፍራ አለ፤ 40,000 ያህል እንዲህ ያሉ ዓምዶች ቆመውበታል፤ ዩኔስኮም በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የዚያም አገር ሰዎች ፊን ማኩል የተባለ ግዙፍ ሰው ወደ ስኮትላንድ ለመሻገር የሠራው ነው ብለው ሲተርኩ ኖረዋል። ሥርዓት ያለውን ነገር አይቶ ሠሪውን መፈለግ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው አልናቸው።

«እንዲያ አይደለም የምለው» አሉ በመጨረሻ። «በእኛ ሙያ ስንጥቅ ኪሣራ ነው። ግድግዳ ከተሰነጠቀ ግንበኛው ስሙ ይጠፋል። እዚህ ግን ስንጥቁ ራሱ ሥራው ሆኗል። ይህን በዕድሜዬ አላየሁም።» ከዚያም ከኪሳቸው ቱንቢያቸውን አውጥተው በቆመ ዓምድ ጎን ሰቀሉት፤ እስኪረጋም ጠበቁ።

በዚህ ጊዜ ለማንም ያልነገርነውን ነገር ነገርናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ለሚሠራ ትምህርት ቤት የድንጋይ ቦታ እንዲመርጥ በተላከ ኮሚቴ ውስጥ ነበርን። ከወንዝ ዳር እንደዚህ ያለ ዓምድ ተደርድሮ አገኘን። በሪፖርታችንም «ድንጋዩ ተጠርቦ የቀረበ ያህል ስለ ሆነ የጠራቢ ወጪ ያድናል» ብለን ጻፍን። ስለ ቁጠባችንም ተመሰገንን። ትምህርት ቤቱ ተሠራ፤ ሕፃናቱም ይማሩበታል፤ ዓምዶቹ ግን ዛሬ የሉም። ጠጠር እንኳ የምናገኝበት ሌላ ቦታ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር።

አጎታችን አልተቆጡም። «ትምህርት ቤት መሥራታችሁ ደግ ነው» አሉ። «ነገር ግን ስንት ሜትር ኩብ እንደ ሆነ ስትለካ፥ ቆመህ አይተኸው ነበርን?»

መልስ አልነበረንም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምንጽፈው ድንጋይ አይነካ ለማለት አይደለም፤ አገር ያለ ድንጋይ አይሠራም። መምህራን ግን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደዚህ ቢወርዱ፥ በመጽሐፍ ገጽ የማይታየውን ትምህርት በገደሉ ላይ ያገኙታል። ክረምት ካለፈ በኋላ፥ በማለዳ መሄድ ይሻላል፤ ወደ ወንዙ በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ ይበረታልና ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። መሬቱ የሚንሸራተት፥ ድንጋዩም የሚናድ ስለ ሆነ ከገደሉ ሥር አለመቆየት ብልኅነት ነው። የወደቀውን መዳሰስ ይበቃል፤ የቆመውን ለማፍረስ አንድ መዶሻና አንድ ቀን ቢበቃው፥ ለማቆም የሚበቃ ዘመን ግን በእጃችን የለም።

ከፈቃድ ስንመለስ በጠረጴዛችን ላይ ሌላ የድንጋይ ጥያቄ ቆየን። በሥፍራው ዓምዶች እንዳሉ ከተያያዘው ፎቶግራፍ ታየ። እኛም በአስተያየት መስጫው ላይ «ከቆሙት አንዱም ሳይነካ፥ ከሥር ከወደቀው ይወሰድ፤ ባይበቃ ሌላ ቦታ ይታይ» ብለን ጽፈን ፈረምን። የበላዮቻችን ውሳኔ ገና አልመጣም። አጎታችን ግን በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ ከጤናችን አስቀድመው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው።